ትንሿ ደፍ፦ የቤታችንን በሮች ከእንቅፋት የማጽዳት ዝርዝር መመሪያ

እናቴ በዕድሜዋ ስንት ደረጃ ወጥታ እንደወረደች እግዜር ይወቀው። አንድም ቀን ደረጃ ላይ ወድቃ አታውቅም። የጣላት የገዛ ሳሎኗ በር ነው። ደፉ ከወለሉ ከፍ የሚለው 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ረከቦት ይዛ ስትወጣ እንቅፋት መታት። ስኒዎቹ ረገፉ። እሷ በእጇ ተደግፋ ተረፈች፤ የእጇ አንጓ ግን ሁለት ወር ሙሉ አብጦ ከረመ። ደንግጠን ስንሯሯጥ «ተዉ እስቲ፣ የቀኝ እግሬን ነው የመታኝ፤ ደግ ሊያሰማኝ ነው» አለችን።

ደግ ወሬው እስኪመጣ እኔ ሜትር ገዛሁ። አዳማ ያለው የወላጆቼ ቤት ከግቢው በር እስከ መታጠቢያ ቤቱ 7 በር አለው። ሰባቱም ደፍ አላቸው። እኩል የሆኑ ሁለት እንኳ አላገኘሁም። ከዚያ በያጅና ግንበኛ እየጠራሁ፣ አንዳንዱን አበላሽቼ እንደገና እያሠራሁ፣ ሁሉንም አስተካከልኩ። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው፤ ስህተቴንም ጨምሮ።

ትንሹ ለምን ይብሳል?

ሰው ሲራመድ እግሩን ከሚያስፈልገው በላይ አያነሳም። ደልዳላ ወለል ላይ እግራችን ወደፊት ሲያልፍ የጫማችን ጫፍ ከመሬት የሚርቀው 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከፊታችን 15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ ካለ ዓይን ቀድሞ ያየዋል፤ እግርም ይዘጋጃል። 2 እና 3 ሳንቲ ሜትሩን ግን ዓይን ይዘለዋል፣ እግር ይጋጨዋል።

ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ እግር መጎተት ይጀምራል። ከታች የማንበቢያ መስታወት ያለበት መነጽር ያደረገ ሰው ወደ እግሩ ሲያይ ደፉ ይደበዝዝበታል። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ናቸው፤ 2 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና የተቀመጠውን ሰው ወደፊት ይወረውሩታል። ነፍሰ ጡር፣ ልጅ ያቀፈ፣ ጀሪካን የተሸከመ፣ ትሪ የያዘ ሰውም እግሩን አያይም። የዓለም ጤና ድርጅት መውደቅን ሳይታሰብ በሚደርስ ጉዳት ከሚመጣ ሞት ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው ምክንያት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚያስቸግራቸውም የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። የመኖሪያ ቤት ሳሎን ግን የሕዝብ መገልገያ አይደለም። የእማማን ደፍ መጥቶ የሚለካ ተቆጣጣሪ የለም። እኛው ነን።

መጀመሪያ ደፉ ለምን እንደተሠራ እወቁ

አዳማ ነፋስ አታጣም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት፣ እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያው ነፋስ አቧራውን በበር ሥር ይነዳዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ አለ። አይጡም አለ። አባቶቻችን ደፍ ያሠሩት ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት በያጁ ነው። የብረት በር መቃን በአራቱም ጎን ተዘግቶ ሲበየድ ተጭኖ ሲመጣ አይጣመምም። የታችኛው ብረት ብዙ ጊዜ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። መቃኑ ግድግዳው ውስጥ ከተገነባ በኋላ ግን ማንም አያነሳውም፤ እዚያው ይቀራል። ሦስተኛው ሴራሚክ ነው። ሳሎኑ ሴራሚክ ለብሶ ኮሪደሩ ሊሾ ሆኖ ሲቀር መሃላቸው ላይ ሁለት ሦስት ሳንቲ ልዩነት ይፈጠራል።

ይህን የምላችሁ ያለነገር አይደለም። ውሃ የሚከለክለውን ደፍ ውሃውን ሌላ መንገድ ሳታሲዙ ካነሳችሁት በመጀመሪያው ዝናብ ትጸጸታላችሁ። ከብየዳ የተረፈውን ግን ነገውኑ ማስቆረጥ ይቻላል።

ደረጃ 1፦ መለካት

ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ጠመኔ፣ ደብተር ያዙ። ከግቢው በር ጀምራችሁ እስከ መታጠቢያ ቤት ሂዱ። ለእያንዳንዱ በር አራት ነገር ጻፉ። ደፉ ከውጭ በኩል ስንት ነው? ከውስጥስ? (ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ፤ የእኛ ሳሎን ከውጭ 9፣ ከውስጥ 3 ነበር።) መዝጊያው ወደየት ይከፈታል? በሩ 90 ዲግሪ ሲከፈት ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ስንት ነው?

የመጨረሻው ላይ አትሸወዱ። «የ80 በር ነው» ሲባል መቃኑና የመዝጊያው ውፍረት ሲቀነስ 72 ወይም 73 ሊቀር ይችላል። ለዊልቸር ጥርት ያለ 80 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ክራንች ለያዘ ሰውም ያው ይመቻል።

አሁን ጠመኔዋ ትምጣ። ጠዋት የደፉን ጠርዝ በደንብ ቀቡት። ማታ የቤተሰቡን ጫማ ሰብስቡና ጫፉን እዩ። ነጭ ያለበት ሰው ሲወጣ ሲገባ ደፉን እየነካ ነው ማለት ነው። አልወደቀም፤ ግን እየነካ ነው። እኛ ቤት የተያዘው አባቴ ነው፤ «እኔን መቼም አይነካኝም» ሲል የከረመው ራሱ።

ደግሞ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት በበሮቹ ደጋግማችሁ እለፉ። አንዱ እኩለ ቀን ላይ፣ የአዳማ ፀሐይ ዓይን ሲያጥበረብር ቆይቶ ወደ ጨለማው ሳሎን ሲገባ። ሌላው ማታ መብራት ሲጠፋ።

ደረጃ 2፦ ያለ ሳንቲም የሚሠራው

ከግንበኛ በፊት የበሩን አካባቢ አጽዱ። ጫማ በር ላይ ማውለቅ ደግ ልማድ ነው፤ ጫማው የሚቀመጠው ግን መተላለፊያው ላይ መሆን የለበትም። ከበሩ ጎን ዝቅ ያለ መደርደሪያ አድርጉ። አጠገቡ ተቀምጦ ማውለቂያ ዱካ ቢኖር ይመረጣል፤ አንድ እግር ላይ ቆሞ ጫማ ማውለቅ በራሱ ሰው ይጥላል።

እግር መጥረጊያው ላይ ጨካኝ ሁኑ። የታጠፈ ጆንያ፣ ያረጀ ፎጣ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ምንጣፍ ሁሉ ይውጣ። ከሥሩ ጎማ ያለው፣ የማይንሸራተት፣ ስስ መጥረጊያ ብቻ ይቅር። መዝጊያው ሲከፈት የሚጎትተው ከሆነም ቦታው ልክ አይደለም።

ከዚያ የኤክስቴንሽን ገመዱ። ምጣዱ ውጭ ባለው ኩሽና፣ ሶኬቱ ዋናው ቤት ውስጥ ይሆንና እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ገመዱ በር አቋርጦ ይዘረጋል። ይህ እንቅፋት ብቻ አይደለም። በር ገመዱን እየቆነጠጠ ላስቲኩን ይልጠዋል፤ የብረት በር ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ወደ በሩ ሊያልፍ ይችላል። መፍትሔው ኤሌክትሪሲያን ጠርቶ ኩሽናው ውስጥ ለምጣድ የሚሆን ሶኬት ማስገባት ነው።

በር ላይ የሚንጠለጠለው መጋረጃ ወለል ከነካ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ አሳጥሩት። የውሃ ጀሪካኖች ከበሩ ይራቁ። በበዓል ቀን የሚጎዘጎዘውስ ቄጤማ? እሱን ከበር ላይ አንሱ አልልም፤ ማንም አይሰማኝም። ግን ሴራሚክ ላይ እርጥብ ቄጤማ እንደ ሳሙና ነው። ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ ጎዝጉዙት፤ ሽማግሌዎቹን እጃቸውን ይዛችሁ አስገቡ።

ደረጃ 3፦ በልኩ መወሰን

ደብተራችሁን ግለጡ። የምከተለው ልክ በአሜሪካ የተደራሽነት ደንብ ላይ ያለው ነው፤ ለእኛም ቤት ይሠራል።

እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ደፍ ይተው። ከ6 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጠርዙ ቀጥ ብሎ መቆም የለበትም፤ ተሞርዶ ይጋደም፤ 1 ሲወጣ 2 ይተኛ። ከ13 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይ ይነሳ ወይ ራምፕ (ተዳፋት መወጣጫ) ይሠራለት። ራምፑ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ከፍታ ቢያንስ 12 ሳንቲ ርዝመት ይፈልጋል። ስለዚህ 3 ሳንቲ ሜትር ደፍ 36፣ 10 ሳንቲ ሜትሩ 1 ሜትር ከ20፣ 15ቱ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። ዊልቸሩን ራሱ በእጁ የሚገፋ ሰው ካለና ቦታ ካላችሁ ለ1 ሳንቲ 20 ስጡት፤ ያመሰግናችኋል።

ግማሽ መፍትሔ አትውደዱ። 9 ሳንቲ የነበረውን ደፍ ወደ 3 ዝቅ ማድረግ መሻሻል ይመስላል፤ አይደለም። የሚታየውን የማይታይ ታደርጉታላችሁ።

ደረጃ 4፦ የታችኛውን ብረት ማስቆረጥ

ይህ የውስጥ በሮች ሁሉ ሥራ ነው። ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ ግን ቅደም ተከተል አለው።

በያጁ ግራይንደሩን (የብረት መቁረጫውን) ከማስነሳቱ በፊት መቃኑ ግድግዳው ውስጥ መያዙን ፈትሹ። የመቃኑን ሁለት ቋሚዎች ከታች በኩል በሁለት እጅ ወዝውዙ። ከተነቃነቀ መጀመሪያ በማልታ ወይም በብሎን ይጥበቅ። ሳይያዝ ከተቆረጠ ቋሚዎቹ ይከፈታሉ፤ መዝጊያው ወለሉን ይፍቃል፤ ቁልፉም አይገጥምም። (ከየት እንደማውቅ አትጠይቁኝ።)

ሴራሚኩን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ። የግራይንደር ብልጭታ ሴራሚክ ላይ ሲያርፍ የማይለቅ ዝገት ይተዋል። መጋረጃና ፎም ያለበትን ሶፋ አርቁ። ሠራተኛው መነጽር ያድርግ። ብረቱ በሁለቱም ጫፍ ከቋሚው ሥር ይቆረጥ፤ የተረፈው ጉጥ ከወለሉ እኩል እስኪሆን ይሞረድ። ጣት ቢሄድበት መያዝ የለበትም።

ከብረቱ ሥር ጉድጓድ ታገኛላችሁ። አንዱ ወለል ከሌላው ጋር እኩል ከሆነ በ1 ሲሚንቶ 3 አሸዋ ማልታ ሞልታችሁ አስተካክሉት። እኩል ካልሆነ ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው የሚያወርድ ቁራጭ ራምፕ ሥሩ። ለ2 ሳንቲ ልዩነት 24 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ከጠንካራ እንጨት የተላገ ሽብልቅ ይበቃል። በብሎን ይታሰር። ልቅ ሆኖ የሚንሸራተት ራምፕ ከደፉ ራሱ ይከፋል።

ደፍ ሲነሳ ከመዝጊያው ሥር ክፍተት ይቀራል። እዚያ ላይ በመዝጊያው ታች የጎማ ጥብጣብ በፍላት ብረት ይታሰር። አቧራውንም አይጡንም ይከለክላል። ወደ ታች የሚወርድ መቀርቀሪያ ካለ ወለሉ ውስጥ ከወለል እኩል የሆነ ቀዳዳ ይሠራለት፤ ብቅ ያለ ቱቦ እንዳይሆን።

ደረጃ 5፦ የውጭ በርና ውሃው

ግንበኛው መጥቶ ሳሎናችንን አየና እናቴን «ማዘር፣ ይሄ ከተነሳ ሐይቅ ነው የሚሆንባችሁ» አላት። ልክ ነበር። ስለዚህ ደፉን ከመንካታችን በፊት ውሃውን አስተካከልን።

በመጀመሪያ ከላይ። የጣሪያው አሸንዳ የተበሳ ከሆነ ውሃው በሩ ፊት ነው የሚወርደው። አሸንዳውን አስጠግኑ፤ ከበሩ በላይም ቆርቆሮ ጥላ አውጡ፤ 1 ሜትር ያህል ወጣ ቢል ነፋስ የሚነዳውን ዝናብ ያግዳል። ከዚያ የበረንዳው ወለል። ውሃ ልኩን ከበሩ ወደ ውጭ አስቀምጡት። ወለሉ ወደ በሩ ካዘነበለ ምንም ደፍ አያድናችሁም። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ 1 ሳንቲ ወደ ውጭ መውረድ አለበት። ከዚያ በላይ ከወረደ ዊልቸር ይንሸራተታል።

በመጨረሻ ቦይ። ልክ ከበሩ ውጭ የበሩን ስፋት የሚያቋርጥ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሮ ወደ ግቢው ፍሳሽ ይውረድ። ላዩ የብረት ፍርግርግ ይልበስ። እዚህ ላይ በያጁን ቆማችሁ ጠብቁት። የፍርግርጉ ክፍተት ከ13 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፤ ዘንጎቹም ሰው የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያቋርጡ ይሁኑ። ከተራማጁ ጋር አብረው ከሄዱ የከዘራ ጫፍ፣ የጫማ ተረከዝ፣ የዊልቸር ጎማ ይገባባቸዋል። ፍርግርጉ ከወለሉ እኩል ይቀመጥ፤ ለመጥረግ ተነሺ ይሁን።

ቤታችሁ ጎርፍ መንገድ ላይ ከሆነስ? ይህ ሁሉ አይበቃም። ያኔ ደፉ ይቆይ፤ በሁለቱም በኩል ራምፕ ይሠራለት። ወይም ደፉ ይነሳና በግራና በቀኝ መቃኑ ላይ የብረት ሰርጥ ተበይዶ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚሰካ ሳንቃ ይዘጋጅ። ጎረቤታችን ሁለተኛውን ነው ያደረጉት፤ ሳንቃው መስከረም ላይ ወጥቶ መጋዘን ይገባል።

ደረጃ 6፦ የኮንክሪት ራምፕ

የመጀመሪያውን ራምፕ ያሠራሁት ለችኮላ ነበር። 12 ሳንቲ ከፍታ በ60 ሳንቲ ርዝመት። ግንበኛው ላዩን እንደ መስታወት ሊሾ አደረገው፤ እኔም «እንዴት ያምራል» ብዬ ከፈልኩ። ዝናብ ሲነካው የሰፈር ልጆች ሸርተቴ ሆነ። በሳምንቱ አፈረስነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ከፍታውን ለኩ፤ በ12 አባዙ፤ መሬቱ ላይ በጠመኔ አስምሩ። ስፋቱ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከበሩ ክፍተት አይነስ። ከላይ፣ በሩ ፊት፣ 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ ደልዳላ ማረፊያ ይቅር። ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ራምፑ ቀጥታ ደፉ ላይ ካለቀ ቁልፍ የሚከፍተው ሰው ተዳፋት ላይ ቆሞ ነው የሚታገለው፤ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቦታ ከጠበበ ራምፑ ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ ግድግዳውን ተከትሎ በጎን ይምጣ።

አሮጌው ወለል በመሮ ይወቀር። ለስላሳ ሊሾ ላይ የፈሰሰ አዲስ ኮንክሪት በወራት ውስጥ ይላጣል። አቧራው ይታጠብ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ቦያካ (በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ) ይቀባ። ከታች፣ ራምፑ መሬት በሚነካበት መስመር ላይ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎድጎድ ይቆረጥ። አለዚያ ኮንክሪቱ ጫፉ ላይ እንደ ወረቀት ይሳሳና ይሰበራል፤ የተሰበረው ጠርዝም አዲስ እንቅፋት ይሆናል። እኛ ቤት ሁለተኛው ራምፕ ላይ የጎደለው ይኸው ነበር።

ውፍረቱ ከ5 ሳንቲ በላይ የሆነው ክፍል 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ይሁን፤ ውሃው ይቀነስ፤ የሚፈስ ሾርባ መሆን የለበትም። ላዩ ገና እርጥብ እያለ ሻካራ መጥረጊያ አግድም ይሳብበት። መስመሮቹ እግር ይይዛሉ። ግንበኞች ይህን አይወዱም፤ «ሥራዬ ያስነውረኛል» ይላሉ። አትስሟቸው።

የአዳማ ሙቀትና ነፋስ ኮንክሪትን ከመጠንከሩ በፊት ያደርቁታል። እርጥብ ጆንያ አልብሱትና 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ሁለት ቀን ማንም አይርገጠው፤ ዊልቸርና ሞተር ሳምንት ይጠብቁ። በእነዚህ ቀናት ቤተሰቡ በየት እንደሚገባ አስቀድማችሁ አስቡ፤ በሳንቃ ላይ የሚንገዳገዱ አሮጊት ማየት አትፈልጉም።

የራምፑ ከፍታ ከ15 ሳንቲ ሜትር ካለፈ በሁለቱም ጎን የእጅ መደገፊያ ይቁም። የመደገፊያው ከፍታ ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር፣ የቱቦው ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከግድግዳ 4 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከራምፑ መጀመሪያና መጨረሻ 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይቀጥል። ጎማ እንዳያመልጥ በጠርዞቹ ላይ ዝቅ ያለ ግንብ ይሠራ።

አንድ ነገር፦ ራምፕ ለሁሉም አይመችም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሰው ሲወርድ ከተዳፋት ደረጃ ሊመርጥ ይችላል። ቦታ ካለ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጉ። የደረጃዎቹ ከፍታ እርስ በርስ እኩል ይሁን፤ 1 ሳንቲ ልዩነት እንኳ እግርን ያሳስተዋል።

ተከራይ ከሆናችሁ ብረትና ኮንክሪት ከመንካታችሁ በፊት አከራዩን አናግሩ። እምቢ ካሉ በወፍራምና ፊቱ ሻካራ በሆነ ላሜራ ተነቃይ ራምፕ አስበይዱ። ደፉን አቅፎ የሚይዝ ከንፈር ይኑረው፤ ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 7፦ የግቢው በር

ትልቁ የብረት በር ውስጥ ያለችው ትንሿ በር የዚህች አገር ትልቋ የእንቅፋት ፋብሪካ ናት። ከታች 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ብረት አለ፤ ከላይ ደግሞ ጭንቅላት የሚመታ። ሰው ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን አንስቶ፣ በአንድ እጁ በሩን ይዞ ይገባል። ሦስት ሥራ በአንዴ!

የተሻለው ትንሿን በር ከትልቁ ለይቶ ለብቻዋ ከጎን ማቆም ነው፤ 90 ስፋት፣ 2 ሜትር ከ10 ከፍታ፣ ከታች ምንም። አጥሩ ቦታ ካለው ወጪው የምትፈሩትን ያህል አይደለም። ካልሆነ ግን ትንሿ በር እንዳለች ትሁንና ከጎኗ ቋሚ መያዣ አስበይዱ፤ የታችኛውንም ብረት ደማቅ ቢጫ ቀቡት። እንግዳ አረጋውያን ወይም ዊልቸር ሲመጣ ትልቁን በር ክፈቱ። ባጃጅ በትልቁ በር ይገባ የለ? ሰው ምን በድሎ!

ደረጃ 8፦ መታጠቢያ ቤት

እዚህ ደፉ ውሃ እንዳይወጣ የተሠራ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከኮሪደሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ዝቅ ይላል። ካልታደሰ ማመጣጠን ይከብዳል። ሴራሚኩ የሚቀየር ከሆነ ግን ግንበኛው ወለሉን ከፍ አድርጎ ተዳፋቱን ወደ ፍሳሹ እንዲያወርድ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከጨረሰ በኋላ ማፍረስ ነው። እስከዚያው ጠርዙን አቅልሙ፣ መያዣ ትከሉ።

በሩንም ወደ ውጭ እንዲከፈት አዙሩት። ሰው ውስጥ ወድቆ በሩን ቢደገፍ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይከፈትም።

ደረጃ 9፦ የቀረውን ማሳየት

የማይነሳ ደፍ ይታይ። ቀይ ሊሾ ላይ ቢጫ ወይም ነጭ፣ ነጭ ሴራሚክ ላይ ጥቁር። ጠርዙ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጥርት ያለ መስመር ይበቃል። ዝንጉርጉር ምንጣፍ ግን ደፍ ይደብቃል።

ብርሃኑ ከበሩ በላይ በውጭም በውስጥም ይሁን። አምፖሉ ፊት ላይ የሚያበራ ሳይሆን ወለሉን የሚያሳይ ይሁን። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ፣ ሰው ሲያልፍ ራሱ የሚበራ የሶላር መብራት ለግቢው በርና ለበረንዳው ጥሩ ነው።

መያዣ ስትተክሉ ብሎኬትን አትመኑ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸርና ብሎን ሲጎተት ተፈልቅቆ ይወጣል። ከአርማታው ኮለን (ምሰሶ) ላይ እሰሩት፤ ወይም ከግድግዳው ወዲያ በሌላ ላሜራ ተያይዞ ያልፍ፤ ወይም ከብረቱ መቃን ጋር ይበየድ። ከዚያ የቤቱ ከባዱ ሰው በሙሉ ክብደቱ ይንጠልጠልበት። የሚነቃነቅ መያዣ ከሌለው ይብሳል፤ ሰው ስለሚያምነው።

ደረጃ 10፦ እግርን ማስለመድ

ይህን ማንም አልነገረኝም። ደፉ በተነሳ ማግስት እናቴ እንደልማዷ እግሯን ከፍ አድርጋ አነሳች። የምትሻገረው ነገር የለም። ባዶ አየር ረግጣ ተንገዳገደች፤ ግድግዳው ያዛት። 30 ዓመት ያንን ደፍ የተሻገረ እግር በአንድ ቀን አይረሳም።

ስለዚህ በሩ በተስተካከለ ቀን ቤተሰቡን ሁሉ ይዛችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉ። ዓይነ ስውር ወይም የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው ካለ ለጥቂት ቀናት አብራችሁት እለፉ። የተቀየረውን መስመር ለጊዜው በቀለም አመልክቱ። ጠመኔዋንም ከሳምንት በኋላ መልሱ፤ አሁንም የሚነካ ጫማ ካለ የሆነ ጠርዝ ቀርቷል። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ፍርግርጉን አንስታችሁ ጭቃውን ጥረጉ፤ የራምፑ ጫፍ መሰንጠቁን እዩ፤ የበሩ ጎማም አለመገልበጡን።

እናቴ ወር ገደማ ፈጅቶባት ለመደች። ለቡና የሚመጡት ጎረቤቶች ግን እስካሁን በራችን ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ያነሳሉ።